ከሐይቁ ወደ ላይ፦ ሊለሃመርን በሁለት ሌሊት ለማየት

ኦስሎ ዘመድ በመጣብኝ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ "ፊዮርድ አሳየን" ነው። በፎቶ የሚያውቁት ፊዮርድ፣ በገደሎች መካከል ወደ የብስ የገባው የባሕር ክንድ፣ ያለው በኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ገንዘብም ቀንም ይበላል። እኔ የምወስዳቸው ሊለሃመር ነው። ከኦስሎ በባቡር ሁለት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ይፈጃል። ከተማዋ ምዮሳ በሚባለው ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያለች፣ 28 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ቦታ ናት። ስሟ ዓለም ላይ የተሰማው በ1994ቱ የክረምት ኦሊምፒክ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጎብኚ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። የበረዶ ሸርተቴ ዝላይ የሚካሄድበትን ማማ ፎቶ ያነሳል፣ ቡና ይጠጣል፣ በቃ። እኔ አልመክርም። ሊለሃመር ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ታች ሐይቁ፣ ከፍ ሲል ገበያው፣ ከዚያ በላይ አሮጌዎቹ ቤቶች፣ ከዚያ ማማው፣ ከሁሉም በላይ ጫካውና ተራራው አለ። ከታች ጀምሮ በእግር ወደ ላይ የወጣ ሰው ከተማዋ እንዴት እንደኖረች በቅደም ተከተል ያያል። ለዚህ ሁለት ሌሊት ይበቃል፤ አንድ ቀን ግን አይበቃም። ከዚህ በታች ያለው እኔ እንግዳ ይዤ የምሄድበት አካሄድ ነው።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

አንድ ቃል እናጥራ። እኛ "ክረምት" ስንል ዝናቡ፣ ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ለኖርዌይ ሰው ግን ያ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ሐይቅ የሚዋኝበት ጊዜ ነው። "በጋ" በምንለው ታኅሣሥና ጥር ደግሞ እነሱ በረዶ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ እኔ የፀሐይ ወራት እና የበረዶ ወራት እያልኩ እጽፋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ሂዱ። ሐይቁ ላይ የምትመላለሰው አሮጌዋ የእንፋሎት መርከብ ትሠራለች፣ ሙዚየሞቹ ሙሉ ሰዓት ክፍት ናቸው፣ ብርሃኑም አያልቅም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቆየው 19 ሰዓት ያህል ነው። ቀሪው ሰዓትም ቢሆን ጨለማ አይባልም፤ የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ካልያዛችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም።

እኔ በግሌ የምወደው መስከረምን ነው። እኛ አገር አደይ በሚፈነዳበት ሰሞን የእነሱ በርች ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከሐይቁ ዳር ቆማችሁ ቀና ስትሉ ተራራው በሙሉ ቢጫ ነው። ጫካው ውስጥ ፍሬ አለ፣ ሰውም ቀንሷል። ሆኖም መርከቧ ሥራ ጨርሳለች፣ የሙዚየም ሰዓትም ያጥራል።

በረዶ ለማየት ከሆነ የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ። በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ የካቲት ላይ ግን በረዶውም ፀሐዩም አለ። መጋቢት ላይ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ቢርከባይነር የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የትኛው ቅዳሜና እሑድ እንደሚውል እዩ፤ በዚያ ሰሞን አልጋ አይገኝም። ውድድሩ ከሬና እስከ ሊለሃመር 54 ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጀርባው ላይ 3.5 ኪሎ ሸክም ይይዛል። ሸክሙ የሕፃን ምሳሌ ነው፦ በ1206 የእርስ በርስ ጦርነት ሳለ ሁለት ተዋጊዎች የሁለት ዓመት ያህል ልጅ የነበረውን ሆኮን ሆኮንሶንን ከጠላት ለማዳን በበረዶ ላይ ተራራ አሻግረውታል፤ ልጁ በኋላ ንጉሥ ሆነ። ያ ሸርተቴ የለበሰ ተዋጊ ዛሬም የከተማዋ አርማ ላይ አለ፤ መንገድ ላይ የፍሳሽ ክዳኖችን ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ታገኙታላችሁ።

ኅዳርንና ሚያዝያን ተዉአቸው። በረዶው ወይ አልመጣም ወይ እየቀለጠ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ መርከቧ የታሰረች፣ ሰማዩ ግራጫ ነው።

ወረቀቱን ጨርሱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2001 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት። ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ከመነሻችሁ 15 ቀን በፊት ነው። ግን እስከዚያ አትጠብቁ። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ይዛችሁ የምትኖሩ፣ እንዲሁም የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ሌላ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ።

ሰዓቱን ሁለቴ አስሉ

ይህን ክፍል የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ዓመት ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ መጣች፤ ያረፈችው ኦስሎ ያለች ጓደኛዋ ጋ ነበር። እዚህ ስኖር አፌ የፈረንጅ ሰዓት ለምዶ ኖሮ "ባቡሩ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ጣቢያው እንገናኝ" አልኳት። እሷ አሥር ሰዓት ስትሰማ የምታውቀው ከሰዓት በኋላን ነው። ጠዋት ጣቢያ ቆሜ ስደውልላት ገና ቡና እያፈላች ነበር። እሷ እዚህ በቆየችበት ጊዜ መርከቧ ሊለሃመር የምትደርስበትና እኛም ነፃ የምንሆንበት ቀን ያ ብቻ ነበር። እህቴ መርከቧን ሳታያት ወደ አገሯ ተመለሰች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ከ00፡00 እስከ 23፡59 የሚቆጠር ነው። ወደ እኛ ለመመለስ 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ደግማችሁ ቀንሱ፤ ትኬቱ ላይ ያለው ከ07፡00 በፊት ከሆነ ግን 6 ጨምሩ። 16፡04 ሲል ከቀኑ 10 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው፤ 20፡30 ሲል ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ በስልክ ስትነግሩ "ጠዋት"፣ "ከሰዓት"፣ "ማታ" የሚለውን ቃል ሳትጨምሩ አትዝጉ። አዲስ አበባ ለምትደውሉም፦ በፀሐይ ወራት አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ በበረዶ ወራት በሁለት።

ባቡሩ ላይ በግራ በኩል ተቀመጡ

ከአውሮፕላን የምትወርዱት ጋርደርሙን ነው፤ የባቡር ጣቢያው ከተርሚናሉ ሥር ስለሆነ ወደ ኦስሎ መሄድ ሳያስፈልጋችሁ በቀጥታ ወደ ሰሜን መሳፈር ትችላላችሁ። የመስመሩ ስም አር-ኢ 10 ነው፤ የመጨረሻው ጣቢያ ሊለሃመር ስለሆነ አልፎ መሄድ የሚባል ስጋት የለም። ትኬቱን ስልካችሁ ላይ ኤንቱር በሚባለው መተግበሪያ ግዙ። ባቡርም አውቶቡስም አንድ ላይ ያሳያል።

በፀሐይ ወራት ሐዲድ ይጠገናል፤ በዚያን ጊዜ መንገዱ በከፊል በአውቶቡስ ይሆናል። ማስታወቂያው "ቡስ ፎር ቶግ" ይላል፣ "በባቡር ፈንታ አውቶቡስ" ማለት ነው። ይህን ቃል ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ከጣቢያው ውጡና አውቶቡሶቹ የሚቆሙበትን ምልክት ተከተሉ፤ ትኬታችሁ ያው ነው። ሻንጣ ለሚበዛበት ሰው ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት አስቡ።

ባቡሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሐይቁ በግራ ነው። ቦታ ስትመርጡ ይህን አትርሱ፤ በቀኝ የተቀመጠ ሰው ድንጋይና ዛፍ እያየ ይደርሳል። ምዮሳ ከሚኔሱን ጀምሮ ይመጣል፤ አንዳንድ ቦታ ሐዲዱ ውኃው አፋፍ ላይ ስለሆነ መርከብ ላይ ያላችሁ ይመስላችኋል። ሃማር ላይ ባቡሩ ይቆማል። የ1994ቱ የፍጥነት ሸርተቴ ውድድር የተደረገው እዚህ፣ የተገለበጠ ጀልባ በሚመስል አዳራሽ ውስጥ ነው። ዩሃን ኡላቭ ኮስ በ1500፣ በ5000 እና በ10000 ሜትር ሦስት ወርቅ ወሰደ፣ በሦስቱም የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሰውየው ከውድድሩ በፊት ኤርትራን ጎብኝቶ ነበር፤ በኋላም ለሕፃናት ዕርዳታ ገንዘብ ለጋሽም አሰባሳቢም ሆነ። ከሃማር ቀጥሎ ብሩሙንዳል ላይ በሐይቁ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ሕንፃ ታያላችሁ፤ 18 ፎቅ ነው፣ ከ85 ሜትር ይበልጣል፣ ምሰሶውና አግዳሚው እንጨት ነው። በ2019 ሲከፈት ከዓለም የእንጨት ሕንፃዎች ረጅሙ ነበር።

አልጋችሁን ያዙ፣ አንሶላችሁን ያዙ

ሆቴል ለኪሳችሁ ከከበደ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተጓዦች ማደሪያ ነው፤ ክፍል ትጋራላችሁ፣ ወጥ ቤት ታገኛላችሁ። ሌላው በድንኳን ማረፊያ ግቢ ውስጥ ያለች ትንሽ የእንጨት ጎጆ ናት፤ "ሂተ" ይሏታል። ቤተሰብ ለሆነ ሰው ሂተ ትበልጣለች፣ ምክንያቱም ምግብ ማብሰል ይቻላል። በሁለቱም ቦታ አንሶላና ፎጣ በዋጋው ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ስትለቁም ጠርጋችሁ፣ ሳህን አጥባችሁ፣ ቆሻሻ አውጥታችሁ ነው። ይህ እንደ ውርደት የሚታይ ነገር አይደለም፤ ዶክተሩም ሚኒስትሩም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ገንዘብ በካርድ ነው። ክሮነር በእጄ ይዤ ልዙር የሚል ሰው ይቸገራል። ቪፕስ የሚባለውን የስልክ ክፍያ የአገሩ ነዋሪ ሁሉ ይጠቀምበታል፤ እናንተ በካርድ መክፈል ትችሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሶኬቱ ቀዳዳ እንደ አገር ቤቱ ክብ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ፦ ታች፣ ሐይቁ ዳር

ሻንጣ አስቀምጣችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከጣቢያው እስከ ውኃው በእግር ሩቅ አይደለም።

ምዮሳ የኖርዌይ ትልቁ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 117 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 365 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣና በስፋት ስምንት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ጥልቀት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ጣና 15 ሜትር ገደማ ሲሆን ምዮሳ 450 ሜትር ይደርሳል። የቆፈረው ከተራራ የወረደ የበረዶ ግግር ነው። ወለሉ ከባሕር ወለል በታች ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ይህን የምነግራችሁ ለመደነቅ ብቻ አይደለም። ጥልቅ ውኃ ቶሎ አይሞቅም። በተለይ ሊለሃመር አካባቢ ሎገን የሚባለው ወንዝ ከዮቱንሃይመን ተራሮች የቀለጠ በረዶ ይዞ ስለሚገባ ውኃው አረንጓዴ ቢጤና ቀዝቃዛ ነው። መዋኘት ከፈለጋችሁ ዳር ዳሩን ሁኑ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ልጆችን ከእጃችሁ አትለዩ። ላንጋኖ ዋኝቶ ያደገ ሰው እዚህ ዘሎ ቢገባ ትንፋሹ ያጥረዋል።

ከዚያ የቪንግነስን ድልድይ በእግር ተሻገሩ። አሮጌው ድልድይ አሁን የእግረኛና የብስክሌት ነው። መካከሉ ላይ ቁሙና ወደ ከተማዋ ዙሩ። ቁልቁለቱ፣ የእንጨት ቤቶቹ፣ ከላይ የዝላዩ ማማ፣ ከዚያም ጫካው በአንድ ዕይታ ይገባሉ። ነገ የምትወጡት መንገድ ይሄ ነው፤ አሁን በዓይን ለኩት። ወደ ሰሜን ደግሞ ሎገን ሐይቁን የሚገናኝበት ደለል አለ፣ የተጠበቀ የወፎች ቦታ ነው። ሁንደር ኦረት የሚባለው ትልቅ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ይህን ወንዝ ይሽቀዳደማል። ማጥመድ የሚወድ ሰው የአካባቢውን የማጥመጃ ፈቃድ መግዛት አለበት፤ ያለ ፈቃድ መንጠቆ መጣል ያስቀጣል። የያዛችሁትን ዳሩ ላይ ልጥበስ ካላችሁም ሕጉን እወቁ፦ ከሚያዝያ 15 እስከ መስከረም 15 ጫካ ውስጥም ሆነ ጫካ አጠገብ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

መርከቧ ሺብላድነር ትባላለች። ውኃ ላይ የወረደችው በ1856 ነው፤ በጎንና ጎኗ ባሉ ትላልቅ መንኮራኩሮች ውኃውን እየቀዘፈች በእንፋሎት ትሄዳለች። እስካሁን በመደበኛ የጉዞ ፕሮግራም ከሚሠሩት የዚህ ዓይነት መርከቦች በዕድሜ የሚስተካከላት የለም። ሁለት ጊዜ ሰጥማ ሁለቴም አውጥተው አድሰዋታል። የአካባቢው ሰው "የምዮሳ ነጭ ስዋን" በሚል የቁልምጫ ስም ይጠራታል፤ ስዋን አንገተ ረጅሙ የውኃ ወፍ ነው። ልብ በሉ፦ በየቀኑ ሊለሃመር አትደርስም። ሐይቁ ረጅም ስለሆነ አንድ ቀን ወደ ሰሜን፣ ሌላ ቀን ወደ ደቡብ ነው የምትሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ የመርከቧን ፕሮግራም እዩ፣ ከዚያ የባቡሩንና የአልጋውን ቀን በእሷ ላይ አስተካክሉ። ስትሳፈሩ ወደ ታች ወርዳችሁ ሞተሩን እዩ፤ ብረቱ ሲንቀሳቀስ ከፊት ለፊታችሁ ይታያል። ምሳ ከፈለጋችሁ ከጥንት ጀምሮ የሚቀርበው ሳልመን ዓሣና እንጆሪ ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ መውጣት ጀምሩ

ጠዋት ስቱርጋታ ላይ ጀምሩ። በአማርኛ "ትልቁ መንገድ" እንደማለት ነው፤ ለእግረኛ የተተወ፣ በግራና ቀኝ ዝቅ ያሉ የእንጨት ቤቶች የተደረደሩበት የገበያ ጎዳና ነው። ሊለሃመር የንግድ ከተማነት መብት ያገኘችው በ1827 ነው፤ ያኔ ከተማ ማለት ይህ መንገድ ነበር። ሜስና የሚባል ወንዝ መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል። ድሮ ወፍጮዎቹንና ፋብሪካዎቹን ያንቀሳቅስ የነበረው እሱ ነው። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ድምፁን ስሙት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ከዚያ ወደ ማይሃውገን ውጡ። ለዚህ ቢያንስ አራት ሰዓት መድቡ፤ ከሊለሃመር አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው።

ታሪኩ የአንድ የጥርስ ሐኪም ነው። አንደሽ ሳንድቪግ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት በ1885 ለአየሩ ብሎ ሊለሃመር መጣ። ጥርስ ለማከም ወደ ጉድብራንስዳለን ሸለቆ ሲዘልቅ ገበሬው አሮጌ ዕቃውን እየጣለ፣ አሮጌ ቤቱን እያፈረሰ መሆኑን አየ፤ መግዛት ጀመረ። መጀመሪያ ዕቃ፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ሙሉ የገበሬ ግቢ። ቤቶቹን ግንድ በግንድ እየፈታ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ተከላቸው፤ ቦታ ሲጠበው በ1904 ወደ ማይሃውገን ተዛወሩ። ብዙ አይኖርም የተባለው ሰው እስከ 1950 ኖረ። ዛሬ ቦታው ላይ 200 ያህል ቤቶች አሉ።

ግቢው ሦስት ክፍል ነው፤ እኔ የምለው ከገጠሩ ጀምሩ። አሮጌዎቹ ቤቶች ውስጥ ምድጃው መካከል ወለል ላይ ነው፤ ጭሱ የሚወጣው በጣሪያ ቀዳዳ ነው። ቀና ስትሉ ወራጁ ጥቀርሻ ለብሷል። አያቱ ቤት ያደገ ሰው ይህን ቤት ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም። እህልና ሥጋ የሚቀመጥበት ቤት መሬት አይነካም፤ አይጥና እርጥበት እንዳይገባ ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ነው የተቀመጠው፣ ልክ እንደ ጎተራችን። ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል። ዝናቡን የሚይዘው ግን ሣሩ አይደለም፤ ከሥሩ የተነጠፈው የበርች ልጥ ነው፣ አፈርና ሣሩ ልጡን ጭኖ ይይዛል። እናቴ ይህን ስትሰማ ጣሪያው ሥር ቆማ ለረጅም ጊዜ አንጋጣ አየች፤ "ለካ ብልሃት በየአገሩ አለ" አለችኝ።

የጋርሙ ቤተ ክርስቲያንን አትለፉ። መነሻው ከ1200 አካባቢ የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈርሶ እንጨቱ ሲሸጥ ሳንድቪግ ሰብስቦ ነው ያዳነው፤ በ1921 እዚህ ቆመ። ግድግዳው ከዛፍ በሚወጣ ጥቁር ቅባት ይቀባል፤ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ከሩቅ ይመጣል። ውስጡ ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ገብታችሁ ዓይናችሁ እስኪለምድ ዝም ብላችሁ ቁሙ።

የከተማውን ክፍል በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ሦስተኛው ግን ልጆችን ይይዛል፦ ለእያንዳንዱ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አሥር ዓመት አንድ የመኖሪያ ቤት፣ ከነወጥ ቤቱ፣ ከነስልኩ፣ ከነሶፋው። ንግሥት ሶንያ ያደገችበት ቤትም ከኦስሎ ተነሥቶ እዚህ ተተክሏል። የነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ቤቱ ቤተ መንግሥት አይመስልም። የኦሊምፒክ ሙዚየሙም እዚሁ ማይሃውገን ውስጥ ነው።

ከዚህ በቅርብ ብየርከቤክ አለ፤ በ1928 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ያገኘችው ሲግሪድ ኡንሴት ከ1919 ጀምሮ የኖረችበት ቤት። በ1940 ፊንላንድ ጦርነት ላይ ሳለች የኖቤል ሜዳሊያዋን ለዕርዳታ ሰጥታለች። በዚያው ዓመት ናዚዎች ሲገቡ ቤቷን ጥላ ተሰደደች፤ ትልቁ ልጇ በዚያ ጦርነት ሞተ። የስደትን ነገር ለሚያውቅ ሰው ያ ቤት ዝም ብሎ ቤት አይደለም። ሊለሃመር ከ2017 ጀምሮ በዩኔስኮ የሥነ ጽሑፍ ከተማ ናት።

ማማው

ከሰዓት በኋላ ሊስጎርድስባከን፣ የዝላዩ ቦታ። በጎኑ ያለው ደረጃ 936 ነው። ጉልበት ያለው ይውጣ፤ በፀሐይ ወራት የሚሠራ በገመድ የሚሄድ ወንበርም ስላለ አረጋውያንን በእሱ አውጧቸው። የእኔ ምክር በወንበሩ መውጣት፣ በደረጃው መውረድ ነው፤ ስትወርዱ ሐይቁ ሁልጊዜ ከፊታችሁ ይሆናል። በ1994 መክፈቻ ላይ ስታይን ግሩበን የተባለው ወጣት ችቦውን በእጁ ይዞ ከዚህ ዘሏል። ተራው የእሱ አልነበረም፤ የተመረጠው ዘላይ በልምምድ ላይ ስለተጎዳ በመጨረሻ ሰዓት የገባ ነው። መነሻው ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። በፀሐይ ወራትም ቁልቁለቱ ላይ ፕላስቲክ ስለተነጠፈ ልጆች ሲለማመዱ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ልጆች ይዛችሁ አንድ ቀን ከጨመራችሁ በስተሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ላይ ሁንደርፎሰን የመዝናኛ ፓርክ አለ። ያለ ልጅ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው ጠዋት፦ ተራራው

በአውቶቡስ ኑርሴተር ውጡ። ዛፉ እያነሰ፣ ሰማዩ እየሰፋ ይሄዳል። መንገዱ ላይ ድንጋይና ዛፍ ላይ በቀይ የተቀባ "ቲ" ፊደል ታያላችሁ፤ የተራራ መንገድ ምልክት ነው፣ ከእሱ አትውጡ። በ1957ቱ ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ እናንተም ጭምር፣ ያልታረሰ መሬት ላይ በነፃ መሄድ፣ ፍሬ መልቀም፣ ድንኳን መትከል ይችላል። ድንኳን ከቅርቡ ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ይራቅ፤ የእርሻ ማሳ አይረገጥ። ነሐሴና መስከረም ላይ ሰማያዊው ፍሬ መሬቱን ይሞላዋል። ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ያዙ። ለአበሻ አዲስ የሚሆነው ማንም መጥቶ "ማን ፈቀደልህ" አለማለቱ ነው።

ከተማ ውስጥ የማያይዎት የሚመስል የኖርዌይ ሰው ተራራ ላይ ሲያልፍ "ሃይ" ይላል። መልሱለት። በበረዶ ወራት ከሆነ ደግሞ ከሥር የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ይኑራችሁ። ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት፣ "ብሮደር" የሚባለውን፣ ከተማ እንደደረሳችሁ ግዙ፤ የሊለሃመር ቁልቁለት በረዶ ሲሠራ ያለሱ አይወረድም።

ስለ ምግብ

ምግብ ቤት ውድ ነው። የአገሩ ሰው ራሱ ዳቦውን ቆርጦ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ነው ተራራ የሚወጣው። እናንተም ከሱቅ ዳቦ ግዙ፤ መቁረጫ ማሽኑ እዚያው ሱቁ ውስጥ አለ። ላዩ ላይ ቡናማውን አይብ አድርጉ፤ የተወለደው እዚሁ ሸለቆ ነው። በ1863 አነ ሆቭ የምትባል የጉድብራንስዳለን ሴት አጓቱን ስታፈላ ክሬም ጨመረችበት። እኛ አይብ ስናወጣ የሚቀረውን ያንኑ አጓት ማለት ነው፤ ውኃው እስኪያልቅ ሲፈላ ስኳሩ ቡናማ ይሆናል። ለሸለቆው ገበሬ ትልቅ ገቢ ሆነ፣ እሷም በ87 ዓመቷ ከንጉሡ ሜዳሊያ ተቀበለች። ጣዕሙ ጣፋጭና ጨዋማ ነው፤ በስስ መላጫ ተላጦ ነው የሚበላው፣ በወፍራሙ አትቁረጡት።

ጿሚ ከሆናችሁ መለያው ላይ "ቬጋንስክ" የሚል ቃል ፈልጉ። ምስርና ሽምብራ በየሱቁ አለ፤ በርበሬውን ግን ይዛችሁ ሂዱ። እሑድ ትልልቅ ሱቆች ዝግ ናቸው፣ ቅዳሜ ሸምቱ። ግንቦት 17 የብሔራዊ በዓላቸው ነው፤ ያን ቀንም ሱቅ ይዘጋል፣ ሰልፉ ግን መታየት አለበት። ውኃ አትግዙ፤ የቧንቧው ንጹሕ ነው። የለስላሳ ጠርሙስና ቆርቆሮ አትጣሉ። ሱቅ ውስጥ ያለው ማሽን ለእያንዳንዱ 2 ወይም 3 ክሮነር ይመልሳል።

ስልካችሁ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ጻፉ፦ 113 አምቡላንስ፣ 112 ፖሊስ፣ 110 እሳት አደጋ። ለሞት የማያሰጋ ነገር ግን እስከ ነገ የማያቆይ ሕመም ከሆነ 116117 ላይ ሐኪም ይገኛል።

ስትመለሱ ከባቡሩ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ጣቢያው ድረሱ። ቦታችሁን ግን አሁን በቀኝ በኩል ያዙ፤ ሐይቁ በዚያ ነው።